ውድ ነው ያለሽ ሰው ገና አልሄደም

ልጄ፣ ሱቁን ከከፈትሽ ወዲህ «ይሄ ሰው ማስቀነስ እንጂ መግዛት አያውቅም» እያልሽ ስታማርሪ ሰምቻለሁ። ወንድምሽም ቀኑን ሙሉ ከቡና ሚዛኑ ሥር ውሎ ማታ የሚያወራው ይህንኑ ነው፤ «ገበሬው ጨምር ከማለት ሌላ ቃል የለውም» ይላል። አንቺ ሻጭ ነሽ፣ እሱ ገዢ ነው፤ ምሬታችሁ ግን አንድ ስለሆነ ምክሬም ለሁለታችሁ ነው። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላልና ተረት ባበዛ ታገሡኝ።

መጀመሪያ የቆማችሁበትን ቦታ እወቁ። መርካቶ ውስጥ አንድ ደንበኛ ተቆጥቶ ቢወጣ በእሱ እግር ሌላ ይገባል። እኛ ያለንባት ፍስሐ ገነት እንዲህ አይደለችም። ዛሬ ባንኮኒሽ ላይ ያስከፋሻቸው እናት ነገ ለቅሶ ቤት አጠገብሽ ይቀመጣሉ፤ ባላቸው ከአባትሽ ጋር አንድ ዕድር ናቸው፤ ልጃቸው ከታናሽ እህትሽ ጋር አንድ ክፍል ይማራል። ስለ ሱቅሽ የተወራ ክፉ ነገር አንቺ በርሽን ሳትዘጊ ይርጋ ጨፌ ደርሶ ያድራል። በዚህ አገር ሽያጩ አለቀ የሚባለው ሰውየው ተመልሶ የመጣ ቀን ነው። የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

«ውድ ነው» የሚል ሰው አያስቆጣሽ። ውድ ነው ያለሽ ሰው ገና አልሄደም። ዕቃውን ካልፈለገው ስለ ዋጋው ምን አስጨነቀው? የሚያሳስበው ዝም ያለው ነው። ዕቃውን አንሥቶ፣ ገልብጦ አይቶ፣ መልሶ አስቀምጦ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የወጣው ሰው ምክንያቱን ይዞብሽ ሄዷል፤ ምን እንደጎደለብሽ ማን ይነግርሻል? የሚከራከርሽ ሰው ግን ምን ቢደረግለት እንደሚገዛ እየነገረሽ ነው፤ ጆሮ ብቻ ነው የጎደለው።

ባለፈው የገበያ ቀን ደጅሽ ተቀምጬ ያየሁትን ላንሣ። አንድ አባት ገብተው የሶላር መብራቱን አነሡ። ቁልፉን ተጫኑት፣ በራ። አጠፉት። ከዚያ ገመዱን በሁለት ጣታቸው ጎተት አድርገው የተሰካበትን ቦታ ጎንበስ ብለው አዩ። እንደገና አበሩት። «ስንት ነው?» አሉሽ። «ሁለት ሺህ» አልሽ። «ኧረ ውድ ነው!» አሉ። «አባባ፣ ዋጋው ይሄው ነው፣ ሌላም ቦታ ይጠይቁ» አልሽና ወደ ስልክሽ ተመለስሽ። እሳቸውም መብራቱን ቀስ ብለው አስቀምጠው ወጡ።

እኒያን አባት ያስጨነቃቸው ዋጋው አልነበረም። ገመዱን ጎትቶ የሚያይ ሰው የሚፈራው መበላሸቱን ነው። አፋቸው «ውድ ነው» ቢልም ጣታቸው የጠየቀው «ይህን ያህል ከፍዬ በወሩ ቢጨልምብኝስ?» ብሎ ነው። መቶ ብር ብትቀንሺላቸው እንኳ አይወስዱትም ነበር፤ እንዲያውም ዋጋው ቶሎ ሲወርድ ጥርጣሬያቸው ይብስ ነበር። «አባባ፣ ገመዱን ሲያዩ አየሁ፤ ከዚህ በፊት የተበላሸብዎት አለ እንዴ?» ብትያቸው ኖሮ ወንበር ስበው ያወሩሽ ነበር። የገዙትን፣ የገዙበትን፣ ስንት ወር እንደሠራ፣ ሻጩ ምን ብሎ እንደመለሳቸው ሁሉ ትሰሚ ነበር። ያን ከሰማሽ በኋላ ሥራሽ አጭር ነው፤ የፈሩትን አንድ ነገር ብቻ ትመልሻለሽ። ስለ ብርሃኑ ድምቀት፣ ስለ ቀለሙ፣ ከየት አገር እንደመጣ መደርደር አያስፈልግሽም፤ ያልተጠየቀ መልስ ሲበዛ ሰው የምትደብቂው ነገር ያለ ይመስለዋል።

ባትሪው ስንት ጊዜ እንደሚያገለግል የምታውቂ ከሆነ ንገሪያቸው። የማታውቂ ከሆነ አላውቅም በይ፤ ቢበላሽ ግን ምን እንደምታደርጊላቸው ቁርጥ አድርገሽ ተናገሪ። ለነገሩ ሕጉም ይህንኑ ይላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813 ማለቴ ነው፣ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ብዙ ነጋዴ ይህን አንቀጽ ገዢው እንዳይሰማበት ይፈልጋል። እኔ ግን አንቺ ራስሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው እላለሁ፤ «በ15 ቀን ውስጥ ጉድለት ቢያገኙበት ደረሰኙን ይዘው ይምጡ፣ እለውጥልዎታለሁ» ያልሻቸው አባት ገመዱን ዳግመኛ አይጎትቱም። የዕቃውንም ጉድለት፣ ካለው፣ ሳይከፍሉ ንገሪያቸው። ከከፈሉ በኋላ የሚነገር ጉድለት ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ነው።

ያው አዋጅ ሌላም ነገር ይዟል። ሸማች ዕቃ አማርጦ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም፤ ነጋዴውም በትሕትናና በአክብሮት ሊያስተናግደው፣ ከስድብና ከማመናጨቅ ሊጠብቀው ይገባል ይላል። እንግዲህ «ካልገዛህ ምን አስነካህ?» የሚለው የገበያችን ቃል ከነውርነቱ ሌላ ሕግም መጣስ ነው። ይህ ቃል ከሱቅሽ ውስጥ እንዳይሰማኝ፤ የምትቀጥሪውንም ልጅ አስጠንቅቂው።

ሁሉም ግን እንደ መብራቱ አባት አይደለም። «ገንዘብ የለኝም» ያለሽን ሰው ከመመለስሽ በፊት ወሩን ቁጠሪ። ከጥቅምት እስከ ጥር እሸት ቡና በሚለቀምበት ጊዜ የኮቸሬና የይርጋ ጨፌ ገበሬ እጁ ብር ያያል፤ በዚያ ወቅት የለኝም የሚልሽ ሰው ብሩን ለሌላ ነገር መድቦታል፤ ለቆርቆሮ፣ ለልጅ ትምህርት፣ ለዕዳ። የዕቃሽ ተወዳዳሪ ጎረቤትሽ ያለው ሱቅ ሳይሆን ያ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ «ርካሽ ነው» ማለትሽ አይሠራም፤ «መብራቱን ትተው ቆርቆሮውን ቢገዙ ይሻላል?» ብለሽ ከእሱ ጋር ማሰብ ነው የሚያዋጣሽ፤ ቆርቆሮው ከበለጠም ቆርቆሮው ይሻላል በይው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሰውየው እውነቱን ነው። ቤቱ በቆጮ ነው የሚያልፈው፤ የቡናው ብር አልቋል፣ ቀጣዩ ገና በዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማግባባት ነውር ነው። ትንሹንና የሚችለውን አሳዪው፤ ወይም «ቡና ሲደርስ ይምጡ፣ ዕቃው አይጠፋም» ብለሽ በሰላም ሸኚው።

ብዙዎች እዚህ ላይ ሽያጩ እንዳያመልጣቸው ዱቤ ይዘረጋሉ። ዱቤ ስጪ፣ እምቢ አልልሽም፤ ያለ ዱቤ እዚህ የሚኖር ሱቅ የለም። ግን ሰውየው ስለሚችል እንጂ አንቺ ስለቸኮልሽ አትስጪ፤ በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለገዢም ለሻጭም ነው። ስትሰጪ ደብተሩን ባንኮኒው ላይ ዘርጊው፣ ስሙን፣ ብሩንና የሚከፈልበትን ጊዜ እሱ እያየ ጻፊ፣ የጻፍሽውን ጮክ ብለሽ አንብቢለት። አማርኛ ለሚከብደው በጌዴኡፋ አስረጂው፤ ገዢሽ ግማሹ በጌዴኡፋ ነው የሚያስበው፣ ዋጋም ቢሆን በዚያው ብትነግሪው ፊቱ ይፈታል። ቀኑ ሲደርስ መንገድ ላይ በሰው ፊት አትጠይቂው። ብሩን ልታገኚ ትችያለሽ፤ ሰውየውን ግን አጥተሽዋል።

«ሄጄ ከባለቤቴ ጋር ልማከር» የሚልም አለ። ያንቺ እኩዮች በዚህ ሲስቁ ሰምቼ አዝኛለሁ። «ወንድ አይደለህም እንዴ?» ብሎ የገዢን ቤት ማፍረስ ምን ይባላል? እርግጥ አንዳንዱ ለመውጫ ያህል ይለዋል፤ አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ። አንቺ ግን አትፍረጂበት። «ጥሩ፣ እሷም መጥታ ትየው፤ እስከ ነገ እኩለ ቀን ለሌላ አልሸጠውም» በይና በእውነትም አትሽጪው። ሲመለስ ዕቃውን ተሽጦ ካገኘው ቃልሽ ዳግመኛ ዋጋ አያወጣም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሌላው «እዚያ ማዶ በአነስተኛ ዋጋ አለ» ይልሻል። ማዶ ያለውን ሰው አትሚው። «ያ ዕቃ አንድ ዓይነት ነው? ባትሪው፣ መጠኑ፣ ዋስትናው?» ብለሽ ጠይቂ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እንዲያይ እርጂው። አንድ ዓይነት ሆኖ እዚያ ከረከሰ «ሂድ፣ እዚያ ግዛ» በይው። ዓይንሽን አታፍጪብኝ፣ የምሬን ነው። ያ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ብርድ ልብስ ሲያምረው የሚጠይቀው አንቺን ነው፤ እውነት እንደምትነግሪው አይቷል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምለምንሽ ግን ሰውየው ሳይጨርስ አታቋርጪ። በጌዴኦ ሶንጎ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ አይተሻል። ተናጋሪው ቃሉን እስኪጨርስ ዝም ይሉታል፣ ቢደጋግምም ይታገሡታል፤ ሰው እውነተኛ ቅሬታውን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሲደግመው ነውና። መጀመሪያ «ውድ ነው» ይላል፤ ዝም ስትዪው «ባለፈውም ከዚህ የገዛሁት ጫማ ሶሉ ተላቀቀ» ይላል። አየሽ፣ ተቃውሞው ያ ነው፤ ስለ ዋጋ ብትከራከሪ ኖሮ ጫማውን ሳታነሡ በተለያያችሁ ነበር። በክርክር ያሸነፍሽው ገዢ ደግሞ አይገዛሽም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

አሁን አንተ ወንድሟ፣ ቀረብ ብለህ ስማ።

አንተ የምትገዛው በአንድ ቀን የሚበላሽ ነገር ነው። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልገባ በጆንያው ውስጥ መሞቅና መብላላት ይጀምራል። ስለዚህ ጠዋት ገበሬውና አንተ እኩል ናችሁ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን እሱ ይቸኩላል፣ አንተ አትቸኩልም። አንዳንድ ሰብሳቢ ይህን ሰዓት ይጠብቃል፤ አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ማለት እንዲህ ነው። አንተ ይህን እንድታደርግ አልፈልግም። ጠዋት የለጠፍከው ዋጋ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይም ያው ይሁን። ገበሬው ሌላ መንገድ እንዳለው አትርሳ፤ ከናቅከው እሸቱን ቤቱ ወስዶ ያሰጣውና ጀንፈል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ምንጣፍ ወይም የማድረቂያ አልጋ ያለው ገበሬ እምቢ ማለት የሚችል ገበሬ ነው።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ የተማረች አንዲት የልጅ ልጄ የነገረችኝ ነገር አለ። ሮጀር ፊሸርና ዊሊያም ዩሪ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እንደ ፈረንጆቹ በ1981 ስለ ድርድር ባወጡት መጽሐፍ ወደ ድርድር ከመግባትህ በፊት ነገሩ ባይስማማ የምትሄድበትን ሌላ መንገድ እወቅ ይላሉ። እኔ ደግሞ «ይህንማ የኮቸሬ ገበሬ ከጀንፈሉ ተምሮታል» አልኳት። አንተም የራስህን ጀንፈል አዘጋጅ። ላኪው ወይም አቅራቢው ዋጋ ሲያወርድብህ የምትሸጥለት ሁለተኛ ሰው ከሌለህ ገና ሳትነጋገር ተሸንፈሃል። አንቺም ብትሆኚ ዕቃ የምታመጪበት አንድ ጅምላ ሻጭ ብቻ ካለሽ እንደዚያው ነሽ።

ገበሬው «ጨምር» ሲልህ ደግሞ ፊትህን አታጥቁር፤ ሂሳቡን አሳየው። አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ይፈጃል። በእሸቱ ኪሎ ላይ አንድ ብር ስትጨምር ባለቀለት ቡና ላይ ስድስት ብር ጨመርክ ማለት ነው፤ በአንድ ፈረሱላ፣ በ17 ኪሎው፣ 102 ብር ይሆናል። ይህን ፊት ለፊቱ ቁጠርለት። ገበሬው አይገባውም የምትል ከሆነ ተሳስተሃል፤ ካንተ ስልክ ቀድሞ በቃሉ ያወጣዋል። ሂሳቡ ከገባው በኋላ ክርክሩ በእናንተ በሁለታችሁ መካከል መሆኑ ቀርቶ ሁለታችሁም ላኪው ስለሚከፍለው ዋጋ ትነጋገራላችሁ። ሂሳቡ መጨመር እንደምትችል ካሳየ ደግሞ ጨምር! ራስህ ያቀረብከውን ሂሳብ መልሰህ ልትክደው ነው?

ሚዛኑንስ? ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን አሳየው፣ የቅርጫቱን ክብደት ስትቀንስ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ተናገር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ሚዛን መንካት ሰውን መናቅ ነው፣ የተናቀ ሰው ደግሞ አይረሳም። በዚህ ምድር ገበሬ በ1952 ዓ.ም. ያመፀው ባለርስቶች ከምርቱ በሚወስዱበት ድርሻ ተማርሮ ነው። ያ ነገር በአያቶቹ አፍ ዛሬም አለ። ስለ ኪሎ የሚነሣ ጥያቄ እዚህ አገር መቼም ቀላል ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

አንዱ ደግሞ «ለማኅበሩ ብሰጥ ይሻለኛል፣ በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ያከፋፍለኛል» ይልሃል። ማኅበሩን አታንቋሽሽ። የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ የኖረ ነው፤ ሰውየው የሚናገረው እውነት ነው። «ልክ ነህ፣ እኔ ትርፍ አላከፋፍልም» በለው። ከዚያ አንተ ያለህን ተናገር፤ ብሩን እዚያው በእጁ መስጠትህን፣ ሚዛንህ ከማሳው ጥግ መቆሙን። «ግማሹን ለማኅበርህ፣ ዛሬ ብር የምትፈልግበትን ለእኔ» ብትለው ብዙ ሰው ይስማማል። በዚህም አልስማማም ካለ ማኅበሩ ይግዛው፤ ለነገም ቡና አለው።

በእኛ አገር ስም ላይ ስለተደረገው ትልቅ ድርድር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቷ በኩል ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ትልቁ የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ደግሞ «ከንግድ ምልክት ይልቅ የመነሻ ቦታ ማረጋገጫ ይሻላችኋል» አለ። ስድብ የሌለበት፣ ምክር የሚመስል ተቃውሞ ነው፤ ለመመለስም የሚከብደው እንዲህ ያለው ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ጌታቸው መንግሥቴና ባልደረቦቻቸው የመለሱት ከገበሬው ኑሮ ተነሥተው ነው። ቡናችን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትንንሽ ማሳዎች ይበቅላል፤ የእያንዳንዱን መነሻ ተከታትሎ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው፣ ወጪውም መልሶ ድሃው ላይ ይወድቃል አሉ። ኦክስፋም የተባለው ድርጅት ነገሩን ለዓለም አሰማ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለኩባንያው መልእክት ላኩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ደረሰ።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ሌላው ነው። ኢትዮጵያ ስሙን ለመጠቀም የሮያሊቲ ክፍያ አልጠየቀችም። ፈቃዱን በነጻ ሰጠች፤ የፈለገችው ስሙ የእኛ መሆኑ እንዲታወቅና በስሙ ዋጋ ላይ አፍ እንዲኖራት ነበር። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስምምነቱ ተፈረመ፤ ስታርባክስ ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ተቀበለ፣ ቡናውንም መግዛቱን ቀጠለ። ወገኖቻችን የማይለቁትን አንድ ነገር ለይተው ያዙ፤ ሊለቁት የሚችሉትን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ሌላው ወገን የሚወጣበት በር ስለተተወለት ያለ ኀፍረት መፈረም ቻለ። ብዙ ነጋዴ ዋጋ ሲከራከር ይህን በር ነው የሚዘጋው፤ ገዢው «እሺ» እንዲል ብቻ ሳይሆን ተሸንፎ «እሺ» እንዲል ይፈልጋል።

ስለዚህ ስትቀንሺም እንዲህ አስቢ። ከሁለት ሺህ ተነሥተሽ በአንድ ትንፋሽ አንድ ሺህ አምስት መቶ ካልሽ ገዢው አልተጠቀምኩም ብሎ ያስባል፤ አምስት መቶ ብር ልትበዪው እንደነበር ነው የሚያሰላው። መጀመሪያም ዋጋውን አትስቀዪው። የሚቀነስ ነገር ካለሽ ትንሽ ይሁን፣ ምክንያትም ይኑረው፤ «ሁለት ከወሰዱ»፣ «ጥሬ ብር ከሆነ» በይ። መቀነስ ካልቻልሽ ምራቂ ስጪ፤ ባትሪ፣ ካልሲ፣ ለልጁ እስክርቢቶ። «አስተያየት አድርጊልኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ያንን ያህል ነው፤ ለቤቱ «ይህን ደግሞ መረቁኝ» ብሎ ይዞ የሚገባውን። ሰዎቻችን በመከራከር ደስ ይላቸዋል፣ ቤት ሲገቡ የሚያወሩት ነው፤ ይህን ደስታ አትንፈጊያቸው። ወደ ዲላና ይርጋ ጨፌ እንግዳ እየበዛ ነው፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ፈረንጁም ይመጣል። ለእሱ ሌላ ዋጋ እንዳታወጪ አደራ፤ አስጎብኚው የእኛው ልጅ ነው፣ ሁሉን ይሰማል።

መቋጫው ላይ ያለውም ጥፋት ንግግር ማብዛት ነው። ዋጋውን ከተናገርሽ በኋላ ዝም በይ። ሰውየው መብራቱን እያገላበጠ ሲያስብ ዝምታው ሲከብድሽ አያለሁ፤ ወዲያው «እሺ፣ መቶ ልቀንስልዎት» ትያለሽ። እሱ ምንም አላለም እኮ! ሊወስነው የነበረውን ነገር አቋረጥሽበት። ጥያቄው ከተመለሰለት፣ እጁ ከዕቃው ካልተላቀቀ፣ «ደግሞ እንዴት ነው የሚሞላው?» ብሎ የቤቱን ነገር ማሰብ ከጀመረ ልቡ ወስኗል። ያን ጊዜ «ላሽግልዎት?» ብለሽ መጠየቅ ይበቃል። «ዛሬ ካልወሰዱ ነገ ይጨምራል» አትበይ፤ በእርግጥ የሚጨምር ካልሆነ በቀር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በጥድፊያ የገዛ ሰው ቤቱ ሲደርስ ይጸጸታል፣ በማግስቱ ዕቃውን ይዞ በርሽ ላይ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር መክፈል መጥቷል። መልእክቱ በራስሽ ስልክ እስኪገባ ጠብቂ፤ ግን ሰውየውን እንደ ሌባ እያየሽ አትጠብቂ። «ኔትወርኩ እስኪያደርሰው አንድ ጊዜ ይቀመጡ» ብለሽ ወንበር ስጪው። ደረሰኝ ቁረጪ፣ ዕቃውን ፊቱ አብርተሽ አሳዪው፣ «ይባረክልዎት» ብለሽ እስከ ደጁ ሸኚው።

አንድ ልትቋጨው የማይገባ ሽያጭ አለ፤ ወንድሟ፣ ይህን ለአንተ ነው የምነግርህ። በክረምት ሰው ታሞበት፣ ለቅሶ ገብቶበት፣ አንድ ገበሬ ይመጣና ገና ያልቀላውን ቡናውን በዛፉ ላይ እያለ ሊሸጥልህ ይፈልጋል። ዋጋውን አይከራከርም፤ የተጨነቀ ሰው አይከራከርም። ስምምነቱ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፣ ትርፉም ዓይን ይማርካል። ብዙ ሰው በዚህ ከብሯል፤ እኔ ከነሱ ብር አንዲት ሳንቲም አልፈልግም። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣብህ ቡናውን አትግዛው። የጠየቀውን የሚያህል ብር ካለህ አበድረው፤ ቡናው ሲቀላ በዚያን ቀን በተለጠፈው ዋጋ ለአንተ እንዲያመጣልህና ብድሩ ከዚያ ላይ እንዲቀነስ ጻፉ፣ ከሱ ዘመድ አንዱ ይፈርምበት። ከሌለህ ከማኅበሩ ብድርና ቁጠባ ድረስ አብረኸው ሂድ፤ ያን ቀን ሚዛኑን እህትህ ትጠብቅልህ።